ጨዋታ በመስተጋብራዊ የመረጃ ምስል ንድፍ

መስተጋብራዊ የመረጃ ምስል ተመልካቹ እየነካካ የሚለውጠው ካርታ ወይም ግራፍ ነው። በንድፉ ውስጥ ጨዋታ ሲባል ነጥብ መሰብሰብ ወይም መሸናነፍ ብቻ አይደለም። ተመልካቹ ስህተት ሳይፈራ «ይህን ብለውጠው ምን ይሆናል?» እያለ እንዲሞክርና ውጤቱን ወዲያው እንዲያይ የሚያደርግ አሠራር ነው።

የጨዋታ ዓይነቶች

አንዱ ዓይነት ጊዜን ማንቀሳቀስ ነው። የስዊድኑ ሐኪም ሃንስ ሮስሊንግ ባስተዋወቀው የጋፕማይንደር ግራፍ እያንዳንዱ ክብ አንድ አገር ሲሆን፣ የክቡ ስፋት የሕዝቡን ብዛት ያሳያል። ዓመቱ ሲቀየር ክቦቹ በገቢና በዕድሜ ጣሪያ መለኪያ ላይ ይጓዛሉ። ሌላው ግምትን ማስቀደም ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባቀረበው ግራፍ አንባቢው በወላጆች ገቢና በልጆች ኮሌጅ መግባት መካከል ያለውን ግንኙነት አስቀድሞ በራሱ መስመር ይሥላል፤ እውነተኛው መስመር የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

የካፋ ደን ምሳሌ

ዋና ከተማው ቦንጋ የሆነው የካፋ ዞን የዱር ቡና የሚበቅልበት ደን አለው። ይህ ደን በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው ግሎባል ፎረስት ዎች የተባለ የኢንተርኔት ካርታ ይህንንም አካባቢ ያሳያል። መረጃው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከላንድሳት ሳተላይት ምስሎች የተሠራ ሲሆን፣ አንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ መሬት ይወክላል። ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ የሆነ ተክል እንደ ዛፍ ይቆጠራል።

ተመልካቹ የዓመታቱን መስመር ሲጎትት ዛፍ የጠፋበት ቦታ በየዓመቱ ይታያል። ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የሽፋን መጠኑን መቀየር ነው። ቅጠል ቢያንስ 30 በመቶ የሸፈነውን መሬት ያሳይ የነበረው ካርታ ወደ 75 በመቶ ሲቀየር፣ አንድም ዛፍ ሳይቆረጥ አረንጓዴው ይቀንሳል። ስለዚህ «ደኑ ምን ያህል ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ «ደን ምንድን ነው?» ከሚለው ብያኔ ጋር እንደሚለዋወጥ ተመልካቹ በእጁ ሞክሮ ይረዳል።

ገደቡ

ጨዋታው የሚመልሰው በመረጃው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ገበሬው ለቡናው ሲል ከትላልቅ ዛፎች ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ቢመነጥር፣ ከላይ ያለው ሽፋን እስካልተገለጠ ድረስ ካርታው እንደ ጥፋት አይመዘግበውም። የባሕር ዛፍ ተክልም እንደ ተፈጥሮ ደን አረንጓዴ ሆኖ ሊታይ ይችላል። በዚህ ምክንያት ጥሩ ንድፍ ከእያንዳንዱ መቀየሪያ አጠገብ ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ በግልጽ ይጽፋል።