የራስን ድረ ገጽ ስለ መያዝና ነጻውን የድረ ገጽ ኅብረት ስለ መግባት
ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የትምህርት ልማድ ጋራ ተዛምዶ የቀረበ ሐተታ

በአሁኑ ዘመን የሚጽፍ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ጽሑፉን የሚያኖረው በሌላ ሰው ቤት ነው። የአገራችን ተማሪ የሰበሰበውን ተረት፣ የቀዳውን ቅኔ፣ ያነሣውን ፎቶግራፍ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ያወጣዋል፤ ድምፅና ተንቀሳቃሽ ሥዕልም ከሆነ በዩቲዩብ ወይም በቲክቶክ ያኖረዋል። ይህ ቀላልና ፈጣን በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የቤቱ ባለቤት ሌላ ነውና ቤቱ በተዘጋ ወይም ሥርዐቱ በተለወጠ ጊዜ እንግዳው ምን ይሆናል? የሚለው ጥያቄ በሚገባ አልተመረመረም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የራስ ድረ ገጽ ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ከሌሎች ነጻ ገጾች ጋራ እንዴት ኅብረት እንደሚያደርግ ለማስረዳት ነው። ምሳሌውንም ከሩቅ አገር ሳይሆን ከምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ ማለት ከላይ ጋይንትና ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ እንወስዳለን።

1. የድጓ ተማሪና መጽሐፉ

የጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗ በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ከየአገሩ ድጓ የተማረ ሰው ትምህርቱን ለማጽናትና መምህር ለመባል ወደዚያ ወርዶ ያስመሰክራል። ቆማ ፋሲለደስም በእስቴ ምድር የሚገኝ ሲሆን በስሙ የሚጠራ የራሱ የዜማ ስልት አለው። ስለዚህ ከታወቁት የዜማ ቤቶች፣ ማለት ከቤተ ልሔም፣ ከቆማ፣ ከአጫብርና ከተጉለት መካከል ሁለቱ የዚሁ አካባቢ ናቸው።

በዚህ ትምህርት ውስጥ ለጉዳያችን የሚጠቅም አንድ ልማድ አለ። የድጓ ተማሪ በቃሉ ማጥናት ብቻ አይበቃውም፤ ብራናውን ፈልጎ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ መቃውን ቀርጾ የራሱን ድጓ በገዛ እጁ ይጽፋል። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ እየለመነ የሚኖር ድኻ ነው፤ ሆኖም መጽሐፉ የራሱ ነው። ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ቢሄድ፣ ቢታመም ወይም ወደ አገሩ ቢመለስ ድጓው ከእርሱ ጋራ ይሄዳል። በሌላ ሰው መጽሐፍ ብቻ የተማረ ግን ባለ መጽሐፉ በተለየው ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። አገራችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የምትለው ለዚህ ዐይነቱ ነገር ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር ይህ ነው። የዜማ ቤቶቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የቆሙ ሆነው ሳለ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ። የሚያገናኛቸው አንድ ድጓና በብዙ የሚጋሩት የዜማ ምልክት ነው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 በፈረንጅ አቆጣጠር) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ለድጓ ምልክት እንደ ሠሩለት ይነገራል። ቤቱ የግል፣ ምልክቱ የጋራ መሆኑን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ነጻው የድረ ገጽ ኅብረት የሚቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነውና።

2. የሰው ቤት ሲዘጋ

ድረ ገጽ የሚባለው ነገር ከመጀመሪያው ማንም እንዲይዘው ሆኖ የተሠራ ነው። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ አሳቡን በ1989 እ.ኤ.አ. አቀረበ፤ ይሠራበት የነበረው ሰርን የተባለው የምርምር ድርጅትም በኤፕሪል 30 ቀን 1993 ሥራው ለዓለም ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲሆን ፈቀደ። ወደ አገራችን ኢንተርኔት የገባው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በሌላው ዓለም ብዙ ሰው ገጹን ጂኦሲቲስ በተባለ የነጻ ማኖሪያ ይሠራ ነበር። ያሁ የተባለው ኩባንያ ይህን ማኖሪያ በ1999 እ.ኤ.አ. ገዝቶ በኦክቶበር 2009 ዘጋው። የበጎ ፈቃድ ሰዎች እየተሯሯጡ ከቀዱት በቀር የቀረው ጠፋ። ማይስፔስ የተባለውም በ2019 እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ የተሰጠውን ሙዚቃ ወደ ሌላ መሣሪያ ሲያዛውር እንዳጠፋው አስታወቀ። በዚያው ዓመት ጉግል ፕላስ ተዘጋ። እነዚህ ኩባንያዎች ድኾች አልነበሩም፤ የዘጉት ጥቅሙ ስላነሰባቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መገንዘብ ያስፈልጋል። በኩባንያዎቹ ውል መሠረት ጽሑፉ የጸሓፊው ነው፤ አድራሻው፣ የአንባቢዎቹ ዝርዝርና ማን ምን እንዲያይ የሚወሰነው ሥርዐት ግን የኩባንያው ነው። ይህ በሰው ግቢ ቤት እንደ መሥራት ነው፤ ግንቡን የሠራው ሰው ንብረቴ ቢልም መሬቱን ይዞት አይሄድም።

በአካባቢያችን ደግሞ ሌላ ጭንቅ ይጨመራል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቈየ። ሥራውን በስልኩ ሳያስቀር በሩቅ ሰርቨር ብቻ ያኖረ ሰው በዚያ ጊዜ የገዛ ጽሑፉን ማንበብ አልቻለም። በስልኩ ብቻ ያኖረው ደግሞ ስልኩ ቢጠፋ ሥራው ከስልኩ ጋራ ይጠፋል።

3. የራስ ድረ ገጽ ሦስት ክፍሎች

የራስ ድረ ገጽ በሦስት ነገሮች ይቆማል፤ እነርሱም ስም፣ ቦታና ገጽ ናቸው።

ስም ወይም ዶሜይን የተባለው አንባቢ የሚጠራው አድራሻ ነው። ይህ ስም ለዘለዓለም አይሸጥም፤ በየዓመቱ ይከራያል። የቀድሞውን ርስት ያስታውሷል። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ባለ ርስት ግብሩን እየገበረ መሬቱን ይይዝ ነበር፤ የድረ ገጽ ስምም ግብሩ ሲታጐል ከባለቤቱ ወጥቶ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። የኢትዮጵያ መለያ የሆነው «ዶት ኢቲ» የሚመዘገበው በኢትዮ ቴሌኮም ሲሆን ለግል ስም «ኔም ዶት ኢቲ» የሚል ቅርንጫፍ አለው። ዋናው ጥንቃቄ ስሙ በራስ ስም እንዲመዘገብ ነው፤ ገጹን በሠራልን ጓደኛ ስም የተመዘገበ አድራሻ የጓደኛው እንጂ የእኛ አይደለም።

ቦታ የተባለው ገጾቹ የሚኖሩበት ሰርቨር ነው። ይህንን መከራየት ይቻላል፤ ጊትሃብ እንደሚሰጠው ያለ ለተራ ገጾች ክፍያ የማይጠይቅ ቦታም አለ። አንባቢ «ይህስ የሰው ቤት አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በእርግጥ የሰው ቤት ነው። ነገር ግን ስሙና የገጾቹ ቅጂ በእጃችን ካለ፣ ባለ ቦታው ቢዘጋ ገጾቹን ወደ ሌላ ቦታ አዛውረን ስሙን ወደዚያ ማመልከት ይበቃል። አንባቢው በዚያው ስም ይጠራል፤ ያገኘናልም። የድጓ ተማሪ ጎጆውን ቢለውጥ መጽሐፉን እንደማይለውጥ ማለት ነው።

ገጽ የተባለው ኤችቲኤምኤል በሚባል ቀላል ሥርዐት የተጻፈ ጽሑፍ ነው። ርእሱ ይህ ነው፣ አንቀጹ ይህ ነው፣ ይህ ቃል ወደዚያ ገጽ ያመለክታል እያለ ይናገራል። በተራ ስልክ መጻፍ ይቻላል፤ ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜም በስልኩ ላይ ተከፍቶ ይነበባል። ክብደቱም ትንሽ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል፤ 1,500 ቃል ያለው ጽሑፍ 8,000 ያህል ፊደል ቢኖረው 24,000 ባይት ያህል ይሆናል ማለት ነው። በስልክ የተነሣ አንድ ባለ 3 ሚሊዮን ባይት ፎቶግራፍ የ125 ጽሑፎች ክብደት አለው። ስለዚህ በወገዳ ወይም በአርብ ገበያ ደካማ መስመር የሚያነብን ሰው የሚያስብ ጸሓፊ ፎቶግራፉን ቀንሶ ጽሑፉን ያበዛል።

4. ስለ ፊደላችንና ስለ ዜማ ምልክት

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን በራሱ ቍጥር ያስቀምጥ ስለ ነበር በአንዱ መሣሪያ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ 10 የዜማ ምልክቶች ተጨመሩ፤ እነርሱም ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደትና ቁርጥ ናቸው። ከቃሉ በላይ በትናንሽ ፊደል የሚጻፈውንም ምልክት በገጽ ላይ ማስፈር ይቻላል፤ «ሩቢ» የተባለው የኤችቲኤምኤል ትእዛዝ ከዋናው ቃል በላይ ትናንሽ ፊደል ያስቀምጣልና።

ይህ ለአገራችን ተማሪ ቀላል ነገር አይደለም። የቆማንና የቤተ ልሔምን ምልክት ጎን ለጎን አድርጎ፣ መምህሩ ሲያዜሙ የተቀዳውን ድምፅ ከሥሩ አያይዞ ማቅረብ ይቻላል። ፌስቡክና ቴሌግራም ጽሑፍን የሚቀበሉት በራሳቸው ቅርጽ ብቻ ስለ ሆነ እንዲህ ያለውን አጻጻፍ አያስተናግዱም።

5. ነጻው ኅብረት

ብቻውን የቆመ ገጽ ጎረቤት የሌለው ቤት ነው። ስለዚህ ኢንዲዌብ የተባለው የነጻ ድረ ገጾች እንቅስቃሴ በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ ተጀመረ። ሹም ያለው ማኅበር አይደለም፤ መግቢያው የራስ ስምና የራስ ገጽ ነው። ልማዶቹም ባጭሩ እነዚህ ናቸው።

መጀመሪያ፣ ጽሑፍ በራስ ገጽ ይወጣል፤ ቀጥሎ ቅጂው ወይም መጠቈሚያው በፌስቡክና በቴሌግራም ይላካል። ስለዚህ አንባቢ ያለበትን ገበያ መተው አያስፈልግም፤ እህሉ በጎተራ፣ ቁናው በገበያ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ገጹ አርኤስኤስ የተባለውን የአዲስ ጽሑፍ ማስታወቂያ ይይዛል፤ አንባቢውም ማንም ሳይመርጥለት የወደዳቸውን ገጾች ሁሉ በአንድ ቦታ በየተራቸው ያነባል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ገጽ የጎረቤቶቹን ዝርዝር ይይዛል። ከነፋስ መውጫ የሚጽፍ ከመካነ ኢየሱስ ወደሚጽፈው፣ እርሱም በውጭ አገር ወዳለው የአገሩ ልጅ ያመለክታል።

አራተኛ፣ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ጠቅሶ መልስ ሲጽፍ ዌብሜንሽን የተባለው ሥርዐት ለተጠቀሰው ገጽ ያስታውቃል። ይህ ሥርዐት በጃንዩዌሪ 2017 የድረ ገጽን ሕግ በሚያወጣው በዓለም አቀፉ ጉባኤ ጸድቋል። ክርክሩ በሁለት ባለቤቶች ቤት እየተመዘገበ ይሄዳል፤ አንዱ ቢዘጋ የሌላው ይቀራል።

6. የማይሆንለት ነገር

ጥቅሙን ብቻ ማውራት ምርምር አይባልም። የራስ ስም መያዝ ኢንተርኔት ሲቋረጥ መስመር አይከፍትም። ከመታገድም አያድንም፤ በሰኔ 2010 ዓ.ም. መንግሥት 264 ድረ ገጾችና ጦማሮች ከእገዳ መለቀቃቸውን ባስታወቀ ጊዜ ከነዚያ ብዙዎቹ የራሳቸው ስም ነበራቸው። ለውጭ ኩባንያ የሚከፈለው የውጭ ምንዛሪ ለተማሪ ይቸግራል። ኀላፊነቱም የባለቤቱ ነው፤ የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲሁም ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 በግል ገጽም ላይ ይሠራሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተቀዳው ዜማና ታሪክ የቀጂው ብቻ አይደለም። የኔታ ድምፃቸው እንዲቀዳ ፈቅደው ለዓለም እንዲወጣ ላይፈቅዱ ይችላሉ፤ ሁለቱ ለየብቻቸው መጠየቅ አለባቸው።

በእነዚህ ምክንያቶች የመጨረሻው መድን ቅጂ ነው። አንዱ በስልክ፣ አንዱ በፍላሽ፣ አንዱ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት ይኑር። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የኢንተርኔት ቤተ መዛግብትም ገጽን በነጻ ቀድቶ ስለሚያኖር አድራሻውን መስጠት ይጠቅማል።

7. መደምደሚያ

ከላይ ከተጻፈው የምንረዳው የራስ ድረ ገጽ የሀብታም ወይም የመሐንዲስ ብቻ ሥራ አለመሆኑን ነው። ለስሙ በየዓመቱ የሚከፈል ጥቂት ገንዘብ፣ ገጹን ለመጻፍ ጥቂት ሳምንት ትምህርት፣ ከዚያም ትጋት ይጠይቃል። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለብራና ዘመን ይበቃ ነበር። በዛሬው ዘመን ግን በሰው ቤት የተጻፈም ይጠፋልና ይወረስ ዘንድ ወራሹ የሚያገኘው ስምና ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ስለዚህ ከነዚህ ወረዳዎች የመጣን ተማሪዎች በዚህ ዓመት የዕረፍት ጊዜ ሁለት ሥራ ብንሠራ ይበጃል። እያንዳንዳችን እስከ ዛሬ በየቦታው የበተንነውን ጽሑፍና ድምፅ ወደ ገዛ መሣሪያችን እንሰብስብ፤ ከዚያም ሦስት ወይም አራት ሆነን ስም ተከራይተን ገጾቻችንን እርስ በርስ እናገናኝ። የሸመገሉ መምህራን ዛሬም በየጉባኤ ቤቱ አሉ፤ የሚያውቁትን ለመቅዳት ያለን ጊዜ ግን በየዓመቱ ያንሳል።