ኮምፒዩተር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ራሱን ስለ መመርመሩ

ጠንቃቃ ነጋዴ ማለዳ መደብሩን ሲከፍት ሚዛኑ ልክ መሆኑን፣ የገንዘብ ሣጥኑ አለመነካቱንና ዕቃው በየመደርደሪያው መኖሩን ሳያይ መሸጥ አይጀምርም። የሒሳብ መዝገብና ደረሰኝ የሚሠራበት ኮምፒዩተርም እንዲሁ የመክፈቻው ቍልፍ በተጫነ ቍጥር አስቀድሞ የገዛ አካሉን ይመረምራል። ምርመራው በጥቂት ሰኮንዶች ስለሚያልቅ ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ሆኖም ምልክቱን የሚያውቅ ነጋዴ ከብዙ አላስፈላጊ ወጪ ይድናል።

የኤሌክትሪክ ኀይል እንደ ደረሰ ፕሮሰሰር የተባለው የስሌት ክፍል የመጀመሪያ ትእዛዙን የሚያገኘው በዋናው ሰሌዳ ላይ ከተተከለች አንዲት ቺፕ ነው። በእርሷ ላይ የተጻፈው ፕሮግራም መብራት ቢጠፋም አይሰረዝም፤ ስሙም በቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች ባዮስ፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ነው። ይህ ፕሮግራም ራም የሚባለውን ጊዜያዊ ማስታወሻ ቍጥር ጽፎ መልሶ በማንበብ ይፈትነዋል፤ ቀጥሎም ማሳያው፣ የፊደል ገበታውና ዲስኩ መኖራቸውን ይጠይቃል። ሁሉም በደኅና ከተገኙ ሥራውን ለዊንዶውስ ወይም ለመሰል ፕሮግራም ያስረክባል።

አይ.ቢ.ኤም. በነሐሴ ወር 1973 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1981) ለገበያ ያቀረበው የግል ኮምፒዩተር ምርመራውን በደኅና ሲፈጽም አንድ አጭር ድምፅ ያሰማ ነበር። ጉድለት ሲያገኝ ግን ቍጥር ይጽፋል፤ 201 የማስታወሻ፣ 301 የፊደል ገበታ፣ 601 የዲስኬት ችግር ማለት ነበር።

ድምፅ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ማሳያው ገና ሳይሠራ የተገኘ ጉድለት በማሳያው ላይ ሊጻፍ አይችልም። ዛሬ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ይህን አገልግሎት የሚሰጡት በሰሌዳው ላይ ያሉ ትንንሽ መብራቶች ናቸው። የድምፁ ብዛትና የመብራቱ ትርጕም እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ ከዕቃው ጋር የመጣውን መመሪያ መጽሐፍ መጣል አይገባም።

ማሳያው ጨለማ ሆኖ ድምፅ የሚደጋግም ኮምፒዩተር ሁልጊዜ ሞቷል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ራሙ ከቦታው ላልቶ ይገኛል፤ ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ ራሙ እንደ ገና በሚገባ ሲተከል ሥራው ይቀጥላል። እንደዚሁም ሰዓቱን የሚጠብቀው 3 ቮልት ባትሪ ሲያልቅ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ኮምፒዩተሩም ሲከፈት ቀኑ እንዲስተካከል ይጠይቃል። ማስጠንቀቂያውን ቸል ብሎ የሚያልፍ ሰው ደረሰኙና ሒሳቡ በተሳሳተ ቀን ሊመዘገብ እንደሚችል ማወቅ አለበት። የባትሪው ዋጋ ግን እጅግ አነስተኛ ነው።

የምርመራውንም ወሰን ማወቅ ያስፈልጋል። ዲስኩ መገኘቱን ያረጋግጣል እንጂ በውስጡ ያለው መዝገብ ደኅና ስለ መሆኑ ዋስትና አይሰጥም። ፍጥነት ስለሚፈለግ የዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ራሙን የሚፈትኑት በአጭሩ ነው፤ አልፎ አልፎ የሚታይ ጉድለት ሊያመልጣቸው ይችላል። ስለዚህ ምርመራውን ባለፈ ኮምፒዩተርም ቢሆን የሒሳቡን ቅጂ በሌላ ስፍራ ማኖር የነጋዴው ፈንታ ነው።

ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ደግሞ በሻጩ ፊት ፈጽሞ አጥፍቶ እንደ ገና ቢከፍተው ይበጃል፤ ከእንቅልፍ የተነሣ ኮምፒዩተር ሙሉውን ምርመራ አያደርግምና። ከዚያም የማስተካከያውን ገጽ ከፍቶ በዚያ የተጻፈውን የራምና የዲስክ መጠን በደረሰኙ ላይ ካለው ጋር ያመሳክር። ልዩነት ከተገኘ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት መነጋገር ይቻላል።