ሕመሙ ሲጠፋ

ቡታጅራም ሆነ ወልቂጤ በውስጥ ደዌ ተመላላሽ ክፍል የሚቀመጥ ሐኪም አዘውትሮ የሚሰማው አቤቱታ ጨጓራ ነው። ታካሚው ጥፋተኛውንም ለይቶ ይመጣል፤ የማረቆ በርበሬ፣ ክትፎው ላይ የበዛ ሚጥሚጣ፣ በባዶ ሆድ የተጠጣ ቡና። እኔን ከበርበሬው ይልቅ የሚያሳስበኝ ኦሜፕራዞል ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው። ያለ ምርመራ ለዓመታት ሲዋጥ ግን አሲዱን ቀንሶ የካንሰር ቁስልን እንኳ ለጊዜው የዳነ ያስመስላል።

በቅርቡ በርበሬ የሚነግዱ አንዲት እናት መጡ። ከፌስታላቸው ያለቁ የኦሜፕራዞል ማሸጊያዎች አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩ። «የኔ ልጅ፣ ይኸንኑ ጻፍልኝና ልሂድ፤ ገበያ አለብኝ።» ቀሚሳቸውን ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ አጥብበውታል። የታችኛውን የዓይን ቆባቸውን ገለጥ ሳደርገው ነጥቷል። ሰገራቸው ጠቁሮ እንደሆነ ስጠይቃቸው «ከርሟል» አሉኝ። አዲስ አበባ ሄደው ኢንዶስኮፒ እንዲታዩ ጻፍኩላቸው።

«ሆዴን ሊቀዱኝ ነው?»

«አይደለም እናቴ፤ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራዎን ያያል።»

ያ ቱቦ ከማየት በላይም ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጃፓኖች ባዳበሩት ዘዴ፣ ገና ከጨጓራው የውስጥ ሽፋን ያላለፈ ካንሰር ሆድ ሳይከፈት ይወጣል። ሐኪሙ ዙሪያውን ምልክት ያደርጋል፤ ከሥሩ ፈሳሽ ወግቶ ሽፋኑን ከጡንቻው ላይ ያነሳዋል፤ ከዚያ በቱቦው ውስጥ ባለፈ የኤሌክትሪክ ቢላ ዙሪያውን ቆርጦ ከሥር እየላጠ ባንድ ቁራጭ ያወጣዋል። ፓቶሎጂስቱ የቁራጩን ጠርዝ መርምሮ የቀረ ነገር ካላገኘ ታካሚው ከነሙሉ ጨጓራው ቤቱ ይገባል። የመድማትና የመበሳት አደጋ አለው፤ ሥራው ብዙ ልምድ ይጠይቃል። ካንሰሩ ወደ ጥልቁ ከወረደ ግን ወደ ንፍፊት የመዛመት ዕድሉ ስለሚጨምር ይህ መንገድ ይዘጋል። አገራችን ውስጥ አብዛኛው ሕመምተኛ የሚደርስልን ከዚያ በኋላ መሆኑ ያንገበግበኛል። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ገና ምንም ያላመመውን ሰው ጭምር ስለሚመረምሩ በጊዜ ያገኙታል፤ እኛ ዘንድ ክብደት የቀነሰ፣ የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው የጠቆረ ሰው እንኳ ሌላ ማሸጊያ ገዝቶ ይመለሳል። ፋርማሲ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ እሱን ወደ ምርመራ ላኩት።

በኢንዶስኮፒው የተወሰደው የእኚያ እናት ናሙና ካንሰር አላሳየም። የተገኘው የጨጓራ ቁስልና ኤች ፓይሎሪ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ የመዘገበው ባክቴሪያ። የ14 ቀን መድኃኒታቸውን ሲጨርሱ ሕመሙ ጠፋ። ለድጋሚ ኢንዶስኮፒ ሲቀጠሩ «ድኛለሁ፣ ምን ልሠራ?» ብለው እምቢ አሉ። ነገር ግን የጨጓራ ቁስል መሻሩ በዓይን መታየት አለበት፤ የመጀመሪያው ናሙናም አንዳንዴ ካንሰሩን ይስታል። ወልቂጤ ለሚሠራው ልጃቸው ደውዬ ይህንኑ አስረዳሁት፤ ቀጠሮውን ይዞላቸዋል፣ የሚወስዳቸውም እሱ ነው።