ሁሉ ለአንድ ሰው አይሰጥም

ጨዋታ የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ይመስላል፤ አስተውሎ ለተመለከተው ግን የሰውን ጠባይ የሚያሳይ መስተዋት ነው። አባቶቻችን በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። በዚያ በቀድሞው የአገራችን ሰንጠረዥ ደርና ፈረስ ብርቱዎች ናቸው፤ ፈርዝ ግን በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ ይሄዳል፤ ፊልም በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ከመዝለል በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ሆኖም በብርቱዎቹ ንጉሥን መያዝ እምብዛም አያስመሰግንም ነበር፤ የሚመሰገነው በደካሞቹ የያዘው ነው።

ዛሬ በአዳማ (በናዝሬት) በምኖርበት ቤት ልጆቼ ከባሕር ማዶ የመጣ ሌላ ጨዋታ ይጫወታሉ። ስሙ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን ደርሰውት በ1966 ዓ.ም. ታተመ። ተጫዋቾቹ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱ ጦረኛ፥ አንዱ አስማተኛ፥ አንዱ ካህን ሁኖ ይናገራል፤ ሌላው ታሪኩን ይተርካል፥ ዳኛም ይሆናል። የያንዳንዱም ችሎታ በስድስት ነገር ይቈጠራል፤ ይኸውም በጉልበት፥ በቅልጥፍና፥ በሰውነት ጽናት፥ በአእምሮ ብሩህነት፥ በማስተዋልና በግርማ ሞገስ ነው።

በመጀመሪያው ደንብ ቍጥሩ የሚገኘው ዳይስ የሚባሉትን ባለ ስድስት ፊት የዕጣ ጠጠሮች ሦስቱን በመጣል ነበር። ድምሩ ከ3 እስከ 18 ይደርሳል፤ ነገር ግን ጠጠሮቹ ከሚወድቁባቸው 216 መንገዶች 18 የሚሰጠው አንዱ ብቻ ሲሆን፥ 10 የሚሰጡት 27 ናቸው።

አንድ ቀን ማታ ታናሹ ልጄ 18 እስኪወጣለት ድረስ ደጋግሞ ሲጥል ታላቁ «ይህ ማታለል ነው» ብሎ ተቈጣ፤ ጠብም ሆነ። እኔም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝና ደንቡን አንብቡልኝ አልኋቸው። በ2006 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ውስጥ ያለ ዕጣ የሚሠራ መንገድ ተገኘ። ለሁሉም እኩል 27 ነጥብ ይሰጣል፤ ስድስቱም ችሎታዎች ከ8 ይነሣሉ፤ አንዱን 15 ለማድረስ 9 ነጥብ ይከፈላል። እንግዲህ ሦስቱን 15 ያደረገ ሰው ሀብቱን ጨርሷልና የቀሩት ሦስቱ በ8 ይቀራሉ፤ ስለዚህ የጐደለውን የሚሞላለት ባልንጀራ ያስፈልገዋል። በቀድሞውም ደንብ ጀማሪው አስማተኛ አንዲት ድግምት ብቻ ስለ ነበረችው በጦረኛው ጥላ ይጠበቅ ነበር፤ ደረጃው ሲያድግ ግን ጠባቂውን ይበልጠዋል።

ታናሹን «ስለ ምን አታለልህ?» ብዬ ብጠይቀው፥ «አባባ፥ ያነሰ ቢወጣልኝ ያፍሩብኛል ብዬ ነው» አለኝ።

በዚህ ጊዜ ተከሳሹ እኔ እንደ ሆንሁ ዐወቅሁ። ታላቁ ከክፍሉ አንደኛ ስለሚወጣ ታናሹን በሁሉ እንደ እርሱ ሁን እያልሁ በእንግዶች ፊት ሳሳፍረው ኖሬያለሁ። አያቱ በታመሙ ጊዜ ሌሊት ነቅቶ ውሃ ያቀበላቸው፥ መድኃኒታቸውንም በሰዓቱ የሰጣቸው እርሱ ነበር፤ ይህን ግን በምንም ቍጥር አልጻፍሁለትም። አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቁ በአገራችን ብዙ አልተለመደም፤ እኔ ግን ያን ማታ በወንድሙ ፊት ጠየቅሁት።

ወላጆች ሆይ፤ ልጅን ከወንድሙ ጋር በአንድ ሚዛን አንመዝን፤ የተሰጠውን ፈልገን ለዚያ የሚሆን ሥራ እንስጠው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሸክሙን በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ እንዳናኖር ግን እንጠንቀቅ።