ሐረርን ለማየት አበል አይጠበቅም

አገርን ማየት የባለጸጋ ሥራ ነው የሚለው አሳብ በብዙ ወጣቶች ዘንድ ሥር ሰድዶ ይገኛል። ተማሪው «ሥራ ስይዝ» ይላል፤ ሥራ የያዘውም «መሥሪያ ቤቴ በአበል ሲልከኝ» እያለ ዓመቱን ይገፋል። በአበል የሄደ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የስብሰባ አዳራሽና የሆቴል ክፍል ነው። ስለዚህ በገዛ ገንዘብ፥ በጥቂት ወጪና በብዙ አሳብ ስለሚደረግ ጉዞ ዛሬ እንነጋገራለን። ለምሳሌ የመረጥነውም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሐረርንና ድሬዳዋን የሚያሳየውን የስድስት ቀን መንገድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ገንዘቡ ነው። በእጅ ያለው ገንዘብ ለመሳፈሪያ፥ ለማደሪያ፥ ለምግብ፥ ለመግቢያና ለአስጎብኚ፥ እንዲሁም ላልታሰበ ነገር ተብሎ በአምስት ይከፈል። ክፍሎቹ እኩል መሆን አያስፈልጋቸውም፤ የመመለሻው ዋጋ ግን ገና ከቤት ሳይወጡ ለብቻው ይቀመጥ፤ መጠባበቂያውም ከጠቅላላው ከአምስት አንድ እጅ ባያንስ ይበጃል። ይህን ማሟላት ያልቻለ ሰው ቀኑን ይቀንስ ወይም ጉዞውን ለሚቀጥለው ወር ያቆየው እንጂ ተበድሮ አይነሣ፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆንበታልና።

ሁለተኛው ጊዜውን መምረጥ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን የቁልቢ ገብርኤል በዓል ስለሚከበር በዚያ ሰሞን መንገዱ በተሳላሚ ይሞላል፤ ማደሪያም ይጠባል። ለበዓሉ ያልሄደ ሰው ሌላ ሳምንት ቢመርጥ ኪሱም እግሩም ያርፋል። በሐረር የሸዋል ዒድን በዓል ለማየት የሚሻም ማደሪያውን አስቀድሞ ይያዝ።

ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአንድ ቀን መድረስ ይቻላል፤ የአንድ ሌሊት ማደሪያም ይተርፋል። ይሁንና «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፥ ቸኩሎ የደረሰ ሰው የመንገዱን ትምህርት ያጣዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በአዳማ፥ በመተሐራና በአዋሽ አልፎ፥ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ ማደር መልካም ነው። በማግሥቱ ደጋውን ይዞ ሲጓዝ ጨለንቆ ይገኛል። የአጼ ምኒልክ፥ ያን ጊዜ የሸዋው ንጉሥ፥ ጦርና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ጦር በ1879 ዓ.ም. የተዋጉት በዚህ ሥፍራ ነው። ከዚያም በቁልቢና በደንገጎ አልፎ ሐረር ይገባል።

ለሐረር ሁለት ቀን ይሰጣት። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው የጀጎል ግንብ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በግንቡ ውስጥ የሚገኙት መስጊዶች 82 መሆናቸው ይነገራል። ጠባቦቹን ጎዳናዎች ለማየት የሚያስፈልገው እግር እንጂ መኪና ስላልሆነ፥ የታክሲ ወጪ እምብዛም የለም። አስጎብኚ ግን ለግማሽ ቀን ቢያዝ ገንዘቡ አይቈጭም፤ ሦስት አራት ሆነው ቢካፈሉት ደግሞ ይቀላል። ዋጋው ሳይነሡ ይቈረጥ። የሰው ቤት ሲገቡም ሆነ ፎቶግራፍ ሲያነሡ ፈቃድ መጠየቅ የጨዋ ልማድ ነው።

በአምስተኛው ቀን ወደ ድሬዳዋ መውረድ ነው። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሚያወርድ፥ የሐረሩ ሹራብ በድሬዳዋ ሸክም ይሆናል። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልተመቸው ከታች በሜዳው አለፈ፤ ድሬዳዋም በ1895 ዓ.ም. በሐዲዱ ዳር ተቈረቈረች። እንግዲህ በግመልና በቅጥር የኖረችውን ከተማና ባቡር የወለዳትን ከተማ በሁለት ቀን ውስጥ አይቶ ማነጻጸር፥ መንገድ ከተማን እንዴት እንደሚያነሣና እንደሚያዘነጋ ከመጽሐፍ ይልቅ አጥርቶ ያስተምራል። የከዚራን ቀጥተኛ ጎዳና ከመጋላ ጠመዝማዛ መንደር የሚለየው ደቻቱ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሆኖም በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሞልቶ ብዙ ሰው ስለ ገደለ በዝናብ ወራት ሊታመን አይገባም።

መመለሻው በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት በጀመረው በኤሌክትሪክ ባቡር ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሄዱበትን መንገድ ከመድገም ያድናል። ባቡሩ የሚነሣበት ቀን አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ጣቢያውም ከከተማው ውጭ ስለሆነ የመሄጃው ዋጋ በሒሳቡ ይግባ። በባቡርም ሆነ በአውቶቡስ፥ የመንገዱን ደኅንነት በዋዜማው መጠየቅ፥ የሌሊት ጉዞን መተውና የት እንደሚያድሩ ለቤተ ሰብ መንገር ከገንዘቡ የማያንስ ስንቅ ነው።

የዛሬው ተማሪና ጀማሪ ሠራተኛ ነገ ስለ ሩቅ ወረዳ መንገድ፥ ውሃና ትምህርት ቤት በወረቀት ላይ የሚፈርም ሰው ነው። የሚፈርምበትን አገር በካርታ ብቻ ካወቀው፥ የሚጎዳው ፈራሚው ሳይሆን በዚያ የሚኖረው ሕዝብ ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ሳምንት በገዛ ኪስ ወጥቶ አገርን ማየት ከመዝናኛ ይልቅ ለሥራ መዘጋጀት ነው እንላለን።