ወፊቱ ቀለቧን መሸሸግ የምትማረው እንዴት ነው?



በመድረሳ ስለ ተወኩል ስናስተምር፣ ማለዳ ሆዷ ባዶ ወጥታ ማታ ጠግባ ስለምትመለሰው ወፍ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የተናገሩትን ሐዲስ አነሳን። ከተማሪዎቻችን አንዱ እጁን አወጣና «ኡስታዝ፣ ለነገ ብላ ምግብ የምትደብቅ ወፍ አለች ይባላል። እርሷ ታዲያ ተወኩል የላትም ማለት ነው?» ሲል ጠየቀን። እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት የሰጠነው መልስ የሚያረካ አልነበረም። ስለሆነም ወደ መጻሕፍት ተመለስን።

በአውሮፓ ጫካዎች የምትኖር ማርሽ ቲት የምትባል ወፍ አለች። ክብደቷ ከ10 እስከ 12 ግራም ቢሆን ነው። ፍሬ ስታገኝ አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ፣ በዛፍ ቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ ትሸጉጥና በኋላ ቦታውን አስታውሳ ታወጣዋለች። ይህን ማን አስተማራት? እናቷ እንዳንል፣ በሰው እጅ ያደጉና ወላጆቻቸው ሲሸጉጡ ያላዩ ጫጩቶችም ጊዜያቸው ሲደርስ መሸጎጥ ይጀምራሉ። አላህ (ሱ.ወ) በተፈጥሯቸው ያኖረው ነገር ነው፤ ሱብሐነላህ!

ይሁን እንጂ ስጦታው ያለ ሥራ አይጎለብትም። በእንግሊዝ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ኒኮላ ክሌይተንና ጆን ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ በእጅ ካሳደጓቸው ጫጩቶች ለከፊሎቹ የሚሸጉጡት ፍሬ ሰጡ፤ ለከፊሎቹ ደግሞ ሊሸጎጥ የማይችል የተፈጨ ምግብ አቀረቡ። ሁለቱም ወገን ጠግቦ አደረ። ነገር ግን ቦታን ለማስታወስ የሚያገለግለው፣ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ያደገው ሸጉጠው ባወጡት ላይ ነበር። ልምዱን ያላገኙት ዘንድ ይህ ክፍል አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ዘግይተው ዕድሉን ያገኙትም ቢሆኑ አንጎላቸው አደገ። እኛን ይበልጥ ያስገረመን ይህኛው ነው፤ በጎልማሳነቱ አሊፍ ባ ሊቆጥር መጥቶ ከልጆች ጋር መቀመጥ ያሳፈረውን አንድ ወንድማችንን አስታወሰን።

የቁራ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በሱረቱል ማኢዳ ከሁለቱ የአደም ልጆች ገዳዩ የወንድሙን ሬሳ እንዴት እንደሚሸሽግ ያሳየው፣ መሬት እየጫረ የመጣው ቁራ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የዛሬ ዘመን ተመራማሪዎች እንደደረሱበት፣ የቁራ ጫጩት ምግብ ብቻ ሳይሆን የማይበላ ነገርም እየቀበረ ይጫወታል። ጨዋታው ግን ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፣ አንድ ሰው ቁራዎቹ የቀበሩትን መጫወቻ እየሰረቀ ወሰደባቸው፤ ሌላው ግን አይቶ ብቻ ተወው። በኋላ ምግብ ሲሰጣቸው፣ ሌባው በቆመበት ለመደበቅ ረዥም ጊዜ ወሰዱ። ሰውን የመዘኑት በጨዋታ ነበር ማለት ነው። (ልጆቻችንን «ጨዋታ ተዉ፣ ቁጭ በሉ» እያልን ስንቆጣ የምንውል ወላጆችና መምህራን ምን እንበል?)

ወደ ተማሪያችን ጥያቄ እንመለስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲስ ተዘግቧል። ነቢዩ ዩሱፍም (ዐ.ሰ) ለድርቁ ዘመን እህሉ በዛላው እንዲቀመጥ አዘዋል። በሐዲሱ የተጠቀሰችው ወፍም ብትሆን ጎጆዋ ውስጥ ተቀምጣ አልጠገበችም፤ ወጥታ ነው። የምትሸጉጠዋም እንደዚሁ ትወጣለች፤ የሸጎጠችውን ደግሞ ሌላ እንስሳ ሊወስድባት ይችላል፤ ዋስትና የላትም።

ይህንን በሚቀጥለው ሳምንት ለክፍሉ ስንነግር ልጁ በጽሞና አዳመጠና «ረስታ የተወችውስ ፍሬ?» አለ። ለዚህኛው መልስ ነበረን። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ተራሮች ነትክራከር የምትባል ወፍ የጥድ ፍሬ አፈር ውስጥ ትቀብራለች፤ ጫጩቶቿንም ከዚያው እያወጣች ትመግባለች። ሳታወጣው የቀረው ፍሬ ይበቅላል። ነጭ ቅርፊት ያለው የዚያ አገር ጥድ ዘሩን የሚዘራለት በአብዛኛው እርሷ ናት።