«ደሜን ታይቼ ነፃ ነኝ» ከማለትዎ በፊት

በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት ለምሳሌ እንውሰድ። ባለቤቷ ለሥራ ክፍለ ሀገር ከርሞ ይመለሳል። በተመለሰ በአሥረኛው ቀን አንገቱን ደፍቶ፣ «ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር፤ ቂጥኝ ነው አሉኝ። አንቺም ሄደሽ ታዪ» ይላታል። ሌሊቱን በንዴትና በፍርሃት ስትገላበጥ ታድራለች። በማግሥቱ ከፈረቃ አለቃዋ ፈቃድ ጠይቃ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ ግን የባሏን ነገር መናገር አፍራ፣ «እንዲያው ደሜን እዩልኝ» ብቻ ትላለች። ውጤቱ «የለብሽም» የሚል ይሆናል። እፎይ ብላ ወረቀቱን አጣጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ ታስቀምጣለች። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ በመዳፏና በእግሯ ውስጥ የማያሳክክ ሽፍታ ይወጣል። «የልብስ ሳሙናው ነው» ብላ ሳሙና ትቀይራለች።

ይህቺ እናት የተሳሳተችው የት ላይ ነው? ላቦራቶሪው አልዋሻትም። በዚያን ዕለት በደሟ ውስጥ የሚታይ ነገር አልነበረም። የተሳሳተችው ቀን ባለመቁጠሯና የምታውቀውን ለነርሷ ባለመንገሯ ነው።

የቂጥኝን ጠባይ ካወቅን ነገሩ ይገባናል። በሽታውን የሚያመጣው ትሬፖኔማ ፓሊደም የተባለ እንደ ጠመዝማዛ ክር የቀጠነ ባክቴሪያ ነው። ይህን ያገኙት ሻውዲንና ሆፍማን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሲሆኑ፣ ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1905 ነበር። ባክቴሪያው ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ወዲያው ምልክት አያሳይም። ከ10 እስከ 90 ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆይና በገባበት ቦታ ላይ አንድ ቁስል ያወጣል። ቁስሉ ጠርዙ ጠንከር ያለ ሲሆን አያምም። ወንድ ያየዋል። ሴት ግን ብዙ ጊዜ አታየውም፤ በብልቷ ውስጥ ወይም በማሕፀን በር ላይ ሊሆን ይችላልና። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥም ያለ ምንም መድኃኒት በራሱ ይድናል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ቅባት የቀባ ቅባቱ አዳነኝ ይላል፤ ጠበል የተጠመቀም ጠበሉ አዳነኝ ይላል። የዳነው ግን ቁስሉ ብቻ ነው፤ በሽታው በደም ውስጥ እየተሰራጨ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ሁለተኛው ደረጃ ይመጣል። በሰውነት ላይ፣ በተለይም በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ሽፍታ ይወጣል፤ ትኩሳት፣ የንፍፊት ማበጥ፣ አንዳንዴም የፀጉር ቦታ ቦታ መርገፍ ይታያል። ይህም ሳይታከም በራሱ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ በሽታው ለዓመታት ምንም ሳያሳይ ሊደበቅ ይችላል። ካልታከሙት ሰዎች ከፊሎቹ ላይ ከብዙ ዓመታት በኋላ ልብንና ትልቁን የደም ሥር፣ አንጎልንና ዓይንን ይጎዳል። ዓይንንና ነርቭን ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚነካበት ጊዜም ስላለ፣ የዓይን መፍዘዝ ወይም የጆሮ መድከም ከመጣ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ደም ምርመራው እንምጣ። ብዙዎቻችን ላቦራቶሪው ባክቴሪያውን በደም ውስጥ ፈልጎ የሚያገኘው ይመስለናል። እንዲህ አይደለም። ቫሰርማን የተባለው ሐኪም በ1906 በርሊን ላይ የመጀመሪያውን የቂጥኝ የደም ምርመራ ካወጣ ወዲህ፣ በዚህ ዓይነት ምርመራ የሚፈለገው ሰውነት ለበሽታው የሰጠው መልስ ነው። ይኸውም ሰውነት በሽታውን ለመቋቋም የሚያዘጋጀው የመከላከያ ንጥረ ነገር ነው። ይህን ለማዘጋጀት ሰውነት ጊዜ ይፈልጋል። ጤፍ ዛሬ ተቦክቶ ዛሬ ምጣድ ላይ እንደማይወጣ ያውቁታል። የደምም ነገር እንደዚያው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ በደም ውስጥ የሚታየው ቁስሉ ከወጣ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቁስሉ ራሱ ለመውጣት የሚወስደውን ጊዜ ሲደምሩበት፣ በአሥረኛው ወይም በአሥራ አምስተኛው ቀን የተወሰደ ደም «የለም» ቢል አያስደንቅም። ቁስሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቪ.ዲ.አር.ኤል. የተባለው የታወቀ ምርመራ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ካሉ ታማሚዎች ከአራትና ከአምስት አንዱን ያህል ሊስት ይችላል። ሽፍታው በሚወጣበት በሁለተኛው ደረጃ ግን እምብዛም አይስትም።

ታዲያ መቼ ይታዩ? ጥርጣሬ ያለበት ግንኙነት ከተፈጸመ ወዲያውኑ መመርመር ከንቱ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የነበረ በሽታ ካለ ያሳያል። የአሁኑን ግን አያሳይም። ስለዚህ ከስድስት ሳምንት በኋላ ይደገማል፤ ሦስት ወር ሲሞላም እንደገና ይታያል። ከግንኙነቱ ሦስት ወር ሞልቶት፣ በመካከሉም ሌላ ጥርጣሬ ሳይኖር፣ ደሙ ንጹሕ ከሆነ በውጤቱ ሊተማመኑ ይችላሉ። በመሐሉ ቁስል ካዩ ግን ቀን ቆጠራውን ይተዉትና በዚያው ዕለት ይሂዱ፤ ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ይወስናል። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ከፋርማሲ ካፕሱል ገዝቶ መዋጥም አይገባም። ጥቂት መድኃኒት በሽታውን ሳያድን ምልክቱን ብቻ ሊያዳፍነው ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ይያዙ። የትዳር ጓደኛዎ ቂጥኝ እንዳለበት በሐኪም ከተረጋገጠና ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ግንኙነት ከነበራችሁ፣ የእርስዎ ደም ንጹሕ ቢባልም በዚያው ቀን መታከም ይገባዎታል። ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም። ይህ ሊሆን የሚችለው ግን ከተናገሩ ነው። በምሳሌያችን ያለችው እናት «ባሌ ቂጥኝ ተገኘበት» የምትለዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትናገር ኖሮ መርፌዋን በዚያኑ ዕለት ወግታ ትመለስ ነበር። ሐኪም ቤት ውስጥ ማፈር ምን ያህል እንደሚያስከፍል እኛ ሴቶች አሳምረን እናውቀዋለን፤ ሆኖም ዛሬም እናፍራለን።

የተገላቢጦሹም ነገር አለ። «አለብሽ» የሚል ወረቀት ይዛ የተመለሰች ሴት ቤቷ ሊፈርስ ይችላል። ባል «ከየት አመጣሽው?» ይላል፤ እሷም «አንተ ነህ» ትላለች፤ ሽማግሌ ይገባል። የደም ምርመራ ግን በሽታው መቼ እንደገባ፣ ማን ለማን እንዳስተላለፈ አይናገርም። ከጋብቻ በፊት የተያዘና ለዓመታት የተደበቀ ሊሆን ይችላል። ቪ.ዲ.አር.ኤል.ና አር.ፒ.አር. የተባሉት ምርመራዎች ደግሞ በሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ በወባ፣ በሳንባ ነቀርሳ፣ በሥጋ ደዌ፣ አልፎ አልፎም በእርግዝና ብቻ «አለ» የሚሉበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በሁለተኛ ዓይነት ምርመራ ይረጋገጣል። ይህ ሁለተኛው ዓይነት የቂጥኙን ባክቴሪያ ለይቶ የሚያነጣጥር ሲሆን፣ በጣት ጠብታ ደም ቶሎ የሚታየውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ወገን ነው። እሱም የራሱ ጠባይ አለው፤ ሰው ታክሞ ከዳነም በኋላ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን «አለ» ይላል። ከብዙ ዓመት በፊት ታክመው ከነበረ ይህንኑ ይናገሩ፤ አለዚያ ያለፈው ጠባሳ እንደ አዲስ ቁስል ይቆጠርብዎታል። ወረቀቱ ቤት ደርሶ ጠብ ከማንሣቱ በፊት ባልና ሚስት አብረው ሐኪም ፊት ቢቀመጡ ይሻላል።

ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ዘንድ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ባክቴሪያው በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ፅንሱን ይይዛል። ፅንሱ ሊጨነግፍ፣ ሞቶ ሊወለድ ወይም ጊዜው ሳይደርስ ሊወለድ ይችላል። ደህና መስሎ ተወልዶ ከሳምንታት በኋላ ምልክት የሚያወጣ ሕፃንም አለ። ይህ ሁሉ በአንድ ምርመራና በፔኒሲሊን ሊቀር የሚችል ነው። እርግዝናዎን እንዳወቁ ሳይዘገዩ ክትትል ይጀምሩ፤ የቂጥኝ ምርመራ መደረጉንም ከኤች.አይ.ቪ. ምርመራው ጋር ይጠይቁ። በመጀመሪያው ወር ነፃ ተብለው በመካከሉ ጥርጣሬ ከመጣ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት እንዲደገም ይንገሩ። ሕክምናው ከመውለድ ቢያንስ 30 ቀን በፊት መሰጠት አለበት። በእርግዝና ጊዜ ከፔኒሲሊን ሌላ ፅንሱን ለማከም የሚታመን መድኃኒት የለም፤ ስለዚህ ፔኒሲሊን የማይስማማት እናት በሐኪም ጥበቃ ሥር እንድትለምደው ተደርጎ ይሰጣታል።

ሕክምናው ከስሙ ይልቅ ቀላል ነው። ገና አንድ ዓመት ላልሞላው ቂጥኝ አንድ ጊዜ የሚወጋ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይበቃል። ከዚያ ለቆየው ወይም ጊዜው ላልታወቀው በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ይሰጣል። መርፌው ያማል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በተወጉ በ24 ሰዓት ውስጥ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሊመጣ ይችላል፤ ባክቴሪያው ሲሞት የሚከተል ነገር ስለሆነ ያልፋል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ግን ምጥ የመሰለ ሕመም ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ከተሰማዎ ፈጥነው ይመለሱ። ሁለታችሁም ታክማችሁ ቁስሉ እስኪድን ድረስ ከግንኙነት መቆጠብ ግድ ነው። አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ዳግመኛ አይያዝም የሚባለው ሐሰት ነው። የቂጥኝ ቁስል ለኤች.አይ.ቪ. በር ስለሚከፍት ያንንም አብሮ መመርመር ያስፈልጋል።

ስለ ሽንት ቤት መቀመጫ፣ ስለ ብርጭቆና ስለ ፎጣ የሚወራውን ይተዉት። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ ተብሎ የሠራተኛዋን ዕቃ ለብቻ ማድረግም ከንቱ ጭካኔ ነው።

በምሳሌያችን ያለችው እናት ሳሙና ቀይራ ቀርታለች። ሽፍታው ሳይጠፋ ብትሄድ አልረፈደባትም፤ በዚህ ደረጃም ያው አንድ መርፌ ይበቃታል። ከዚያ በኋላ ደሟ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ይታያል። ካርዷ ላይ 1 ለ 32 የነበረው ቁጥር ወደ 1 ለ 8 ከወረደ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው። ያንን ካርድ ቁም ሣጥን ውስጥ ከምትረሳው፣ በሚቀጥለው እርግዝናዋ ይዛው ብትሄድ ለነርሷ ብዙ ጥያቄ ያሳጥርላታል።